የመሸከም ዐቅም ትምህርት በወሎ ሚዛን ሲመዘን

መግቢያ

በሥነ ሕይወት ትምህርት ስለ ሕያዋን ብዛት በሚናገረው ምዕራፍ አንድ የታወቀ ሥዕል አለ። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ አግድምና አንድ ቋሚ መስመር ያሰምራል፤ በአግድሙ ጊዜን፣ በቋሚው ብዛትን ይጽፋል። ከዚያም ከታች ቀስ ብሎ የሚነሣ፣ በመካከሉ ሽቅብ የሚያቀና፣ ወደ ላይ ሲደርስ ግን እየለዘበ ሄዶ ጋደም የሚል ጠማማ መስመር ይሥላል። መስመሩ ጋደም የሚልበት ከፍታ «የመሸከም ዐቅም» ይባላል። ትርጓሜውም አንድ አካባቢ ሳይጎሳቆል ለረጅም ጊዜ ሊያኖረው የሚችለው የአንድ ዝርያ ከፍተኛ ብዛት ማለት ነው።

ትምህርቱ በዚህ ቢያበቃ ብዙ የሚያከራክር ነገር አይኖረውም ነበር። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሥዕሉ ከእንስሳት ወደ ሰው ይሻገራል። ለሰው ምሳሌ በተፈለገ ጊዜም ወሎ ይጠራል። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ የደረሰው የሕዝቡ ብዛት ከመሬቱ ዐቅም በላይ በመሆኑ ነው የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይነገርና ትምህርቱ ወደ ሌላ ርእስ ያልፋል።

ይህ ዐረፍተ ነገር በሌላ አገር ክፍል ውስጥ ሲነገር እንደ ማንኛውም ምሳሌ ሊቈጠር ይችላል። በደሴና በኮምቦልቻ ሲነገር ግን ክብደቱ ይለያል። በእነዚህ ከተሞች ከሚማሩት ልጆች መካከል አያቶቻቸው በእነዚያ ዓመታት ከቀያቸው ተፈናቅለው በመጠለያ ያለፉ፣ የቅርብ ዘመድ የቀበሩ ብዙዎች ናቸው። ተማሪው ሥዕሉን እንደ ተሰጠው ቢቀበል ሊደርስበት የሚችለው መደምደሚያ አንድ ነው፤ ይኸውም የሞቱት ሰዎች ከመስመሩ በላይ የተገኙ ትርፎች ነበሩ የሚል ነው። ይህን መደምደሚያ በግልጽ የሚያስተምር መምህር የለም፤ ሥዕሉ ግን ያለ መምህሩ ፈቃድ ያስተምረዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመሸከም ዐቅምን ትምህርት ከነጥንካሬውና ከነጕድለቱ በወሎ ታሪክና በወሎ መሬት መመዘን፣ ቀጥሎም ለክፍል ትምህርት የሚበጀውን ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት የሌለባቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሥዕሉ ምንጭና ጥንካሬ

እንግሊዛዊው ቶማስ ማልተስ በ1798 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ድርሰት የሰው ብዛት በማባዛት፣ ምግብ ግን በመደመር እንደሚያድጉ፣ በመካከላቸው የሚፈጠረውንም ልዩነት ረሃብ፣ በሽታና ጦርነት እንደሚዘጉት ተከራከሩ። ቤልጂጋዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ቬርሁልስት በ1838 እ.ኤ.አ. ይህን ሐሳብ በሒሳብ ቀመር ገለጡት። ጠማማው መስመር የተወለደው ከዚህ ቀመር ነው። ሩሲያዊው ጋውዜ ደግሞ ፓራሜሲየም የተባሉትን ደቂቅ ሕያዋን በብልቃጥ ውስጥ በተወሰነ ምግብ እያራባ ቈጠራቸው፤ በ1934 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉም ቍጥራቸው ቀመሩን ተከትሎ እንደ ወጣና ጋደም እንዳለ አሳየ።

ከመስመሩ ያለፈ ዝርያ ምን እንደሚገጥመው ለማሳየት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ በሰሜን ፓስፊክ የሚገኘው የቅዱስ ማቴዎስ ደሴት ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. 29 የበረዶ አገር አጋዘኖች በዚህ ደሴት ላይ ተለቀቁ። በ1957 እ.ኤ.አ. 1,350 ሆኑ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. 6,000 ደረሱ። የሚግጡት የድንጋይ ሽበት አልቆ ብርቱ ክረምት በመጣ ጊዜ ግን ዐለቁ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ሲቈጠሩ የተገኙት 42 ብቻ ነበሩ።

እነዚህ ማስረጃዎች ጠንካሮች ናቸው። ሥዕሉ ለተማሪው የሚሰጠው ትልቅ ትምህርትም አለ፤ ይኸውም በማባዛት የሚያድግ ነገር መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቢመስልም ሳይታሰብ ብዙ እንደሚሆንና የትኛውም ሕያው ያለ ወሰን ሊበዛ እንደማይችል ነው። ለዚህ ትምህርት የወሎ ተማሪ ወደ ሩቅ ደሴት መሄድ አያስፈልገውም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መንጋ ወደ ወሎ ገብቶ ማሳ ሲያጠፋ ያየ ተማሪ ማባዛትን በዐይኑ አይቷል። ዝናብና ልምላሜ ሲመቻቹለት የበረሃ አንበጣ በሦስት ወር ውስጥ እስከ 20 እጥፍ ሊበዛ ይችላል፤ በስድስት ወር 400፣ በዘጠኝ ወር 8,000 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ልምላሜው ሲደርቅ ደግሞ መንጋው ይመነምናል። በብልቃጥ፣ በደሴትና በአንበጣ መንጋ ላይ ሥዕሉ ሥራውን ይሠራል።

ሥዕሉ የሚያቆማቸው አራት ግምቶች

ጕድለቱ የሚጀምረው ሥዕሉ እንዲሠራ የሚያስፈልጉት ግምቶች ሳይነገሩ ወደ ሰው ሲሻገር ነው። ግምቶቹ አራት ናቸው። አንደኛ፣ ስፍራው የተዘጋ ነው፤ የሚገባም የሚወጣም የለም። ሁለተኛ፣ ምግቡ ለሁሉም እኩል ይዳረሳል፤ ሲያንስም ለሁሉም ያንሳል። ሦስተኛ፣ የስፍራው ዐቅም አስቀድሞ የተወሰነና በነዋሪዎቹ ሥራ የማይጨምር ነው። አራተኛ፣ ነዋሪዎቹ የሚወልዱት ሳይመክሩና ሳይወስኑ ነው።

እነዚህ ግምቶች ለሰው እንደማይሠሩ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ሬይመንድ ፐርልና ሎዌል ሪድ የተባሉ አሜሪካውያን በ1920 እ.ኤ.አ. የቬርሁልስትን ቀመር በአገራቸው ሕዝብ ላይ አውለው፣ የአሜሪካ ሕዝብ ከ197 ሚሊዮን ገደማ እንደማይበልጥ አሰሉ። የአገሪቱ ሕዝብ ገና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ቍጥር አለፈ፤ ዛሬ ከ330 ሚሊዮን በላይ ነው። ቀመሩ የስሌት ስሕተት አልነበረበትም፤ የተሳሳተው ሰውን በብልቃጥ ውስጥ ማስቀመጡ ነው። አራቱ ግምቶች በወሎ ላይ ሲፈተኑ የሚገኘው ውጤት እንደሚከተለው ነው።

የተዘጋ ስፍራ የሚለው ግምት

ደሴና ኮምቦልቻ የመንገድ ከተሞች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ በሁለቱም ያልፋል፤ ከኮምቦልቻ የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ በባቲ በኩል ወደ ዐፋር ቆላና ወደ አሰብ ይወርዳል። በእነዚህ መንገዶች እህል ይገባል፣ ይወጣልም። ሰውም እንዲሁ።

አማርቲያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ በተጻፈ መጽሐፍ አንዱን ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጥተውታል። በዚያ ምዕራፍ ካቀረቧቸው ማስረጃዎች አንዱ የደሴ ገበያ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲሞት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከቀደሙት ዓመታት እጅግ አልራቀም ነበር፤ ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህልም ነበር። ዋጋው ያልናረው ረሃብተኛው መግዣ ስላልነበረው ነው፤ እህል ደግሞ የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው። አጋዘኖቹ ሲሞቱ ከደሴቲቱ ወደ ሌላ ስፍራ የተጫነ ግጦሽ አልነበረም። ይህ አንድ ልዩነት ብቻውን የወሎን ረሃብ ከደሴቲቱ ሥዕል ያወጣዋል።

ስፍራው ያልተዘጋ መሆኑ በሰዎች እንቅስቃሴም ይታያል። ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. በተደረጉት ሁለት የሕዝብ ቈጠራዎች መካከል የአገሪቱ ሕዝብ ከ53.5 ወደ 73.9 ሚሊዮን ሲያድግ፣ ይኸውም ወደ 38 በመቶ ሲጨምር፣ የደቡብ ወሎ ሕዝብ ከ2.1 ወደ 2.5 ሚሊዮን ገደማ ነው ያደገው፤ ጭማሪው ከ19 በመቶ አይበልጥም። የ1999 ቈጠራ በአማራ ክልል ያሳየው ውጤት በጊዜው ክርክር ማስነሣቱ አይዘነጋም። የሆነው ሆኖ የአንድ ዞን ሕዝብ የሚወሰነው በልደትና በሞት ብቻ ሳይሆን በመሄድና በመምጣትም መሆኑን ተማሪው ከእነዚህ አኀዞች ሊማር ይችላል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ በጦርነት የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ ደሴ ገብቶ በትምህርት ቤቶች ጭምር ተጠልሏል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ተፈናቃዩም ነዋሪውም በአንድነት ሸሸ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከተማዪቱ የሞላችውም የጐደለችውም በወሊድ ምክንያት አልነበረም።

እኩል ድርሻ የሚለው ግምት

በብልቃጥ ውስጥ ምግብ ሲያንስ ለሁሉም ያንሳል። በወሎ ግን በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የተራቡት ሁሉም አልነበሩም። ሴን እንደ ተነተኑት ጕዳቱ የወደቀው በአነስተኛ ገበሬዎች፣ በጭሰኞች፣ ሥራ ባጡ የቀን ሠራተኞችና በቆላው አርብቶ አደሮች ላይ ነው። የዐፋር አርብቶ አደር ሁኔታ በተለይ ሊጤን ይገባዋል። አርብቶ አደሩ በበጋ የሚጠጋበት የአዋሽ ዳር ግጦሽ ለሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተወስዶበት ነበር። ድርቁ ሲመጣ ከብቱ አለቀ፤ የተረፈውንም ገበያ ሲያወጣው የከብት ዋጋ ወድቆ በልዋጩ የሚያገኘው እህል እጅግ አነሰ። እዚህ ላይ የግጦሹ የመሸከም ዐቅም የቀነሰው አርብቶ አደሩ ስለበዛ አይደለም፤ መሬቱ በሌላ ሰው ውሳኔ ወደ ሌላ ጥቅም ስለ ዞረ ነው።

ይሁን እንጂ የሴንም ትንታኔ ያለ ሂስ ሊወሰድ አይገባም። በአገር ደረጃ ምርቱ እጅግ አለመውደቁን ማሳየት በወሎ ውስጥ ማሳው ባዶ ነበር የሚለውን አይሽርም፤ ሴን ራሳቸውም የወሎ ገበሬ ምርት መውደሙን ተቀብለዋል። ትንታኔው አንዱ ክፉ ዓመት ለምን እንደ ገደለ በሚገባ ያስረዳል፤ ገበሬው አንድ ክፉ ዓመት የማያሳልፍ ጥሪት አልባ እንዴት እንደ ሆነ ግን በበቂ አያብራራም። ይህን ክፍተት ለመሙላት የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ የሚመለከት የገጠር ለረሃብ ተጋላጭነት ጥናት፣ እንዲሁም የአቶ ደሳለኝ ራህመቶ በወሎ አምባሰል ላይ ያተኰረ ጥናት ይጠቅማሉ። የመጀመሪያው ገበሬው ከሥርዓቱ በታች ተጭኖ እንዴት እንደ ተራቈተ ያስረዳል፤ ሁለተኛው ደግሞ የተራበው ሰው ዝም ብሎ እንዳልሞተ፣ ፍጆታውን እየቀነሰ፣ ከብቱንና ዕቃውን በየተራ እየሸጠ፣ ከዘመድ እየተበደረ ሕይወቱን ለማትረፍ እንደ ታገለ ያሳያል። አጋዘን ይህን አያደርግም።

ስፍራው የተዘጋ፣ ድርሻውም እኩል ነው ብሎ ማሰብ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ስሕተት አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች እንዲሰፍሩ ተደረገ። ከግማሽ የሚበልጡት የወሎ ሰዎች ነበሩ። ከምክንያቶቹ አንዱ የሰሜኑ መሬት ሰውን ከመሸከም ዐቅሙ አልፏል የሚለው ሐሳብ ነበር። ሰው እንደ አኀዝ ከአንዱ ዓምድ ተቀንሶ በሌላው ተደመረ። በአዲሱ ስፍራ የወባ በሽታ፣ የማያውቁት የአየር ጠባይና የቤተሰብ መለያየት ጠበቋቸው፤ አሉላ ፓንክኸርስት በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በወለጋ የሰፈሩትን ሰዎች ኑሮ ከራሳቸው አንደበት ዘግበዋል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቹ ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። በክፍል ውስጥ በቸልታ የሚነገር ፅንሰ ሐሳብ በሜዳ ላይ የሰው ዕጣ ሊወስን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

የማይለወጥ ዐቅም የሚለው ግምት

ሦስተኛው ግምት የሚፈተነው በዛፍና በአፈር ነው። ዶናልድ ክረሚ የተባሉት የታሪክ ምሁር በ1998 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ በ1937 እ.ኤ.አ. በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ከስድሳ ዓመት በኋላ በዚያው ስፍራ ከተነሡት ጋር አስተያይተዋል። የሕዝቡ ብዛት በዚህ ጊዜ ውስጥ እጅግ አድጓል። ከፎቶግራፎቹ የተገኘው ግን ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነበር፤ በብዙ ስፍራ የሚታየው ዛፍ ከቀድሞው በዛ እንጂ አላነሰም። ምክንያቱም ገበሬው በቤቱ ዙሪያና በማሳው ዳር በተለይ ባሕር ዛፍ ስለ ተከለ ነው።

ከዚህ ጋር ሊነበብ የሚገባው ኮምቦልቻ በምትገኝበት በቃሉ አካባቢ በክብሮም ተክሌና በላርሽ ሄድሉንድ ተካሂዶ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። አጥኚዎቹ በ1958 እና በ1986 እ.ኤ.አ. ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎችን አነጻጽረው ቍጥቋጦው፣ የወንዝ ዳር ዕፀዋትና ደኑ እንደ ቀነሱ፣ የተራቈተ መሬትና መኖሪያ መንደር እንደ ጨመሩ፣ የእርሻው ስፋት ግን ብዙም እንዳልተለወጠ ደርሰውበታል።

ሁለቱ ጥናቶች ለችኩል አንባቢ የሚቃረኑ ይመስላሉ። ነገር ግን የተለያዩ ነገሮችን ነው የሚለኩት። ባሕር ዛፍ ዛፍ ነው፤ ጥድና ወይራ ከነቍጥቋጦውና ከነሣሩ የሚገኙበት ደን ግን አይደለም። የቤቱ ዙሪያ እየለመለመ ማንም የግሌ የማይለው ተዳፋት ሊራቈት ይችላል። የቃሉ ጥናት ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለው፤ የእርሻው ስፋት ሳይጨምር ቍጥቋጦው ከቀነሰ፣ ጕዳቱን ማረሻው ብቻ እንዳላደረሰው፣ የማገዶ ቈረጣና ልቅ ግጦሽም መጠየቅ እንዳለባቸው ያመለክታል። የሰው ብዛት በሁለቱም ስፍራ ጨምሯል፤ ውጤቱ ግን በአንደኛው ተከላ፣ በሌላው መራቈት ሆኗል። ልዩነቱን ያመጣው ማን ይተክላል፣ ማን ይጠብቃል፣ ማንስ ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ ሐሳብ ከኤስተር ቦዘሩፕ ክርክር ጋር ይቀራረባል። ቦዘሩፕ በ1965 እ.ኤ.አ. ሕዝብ ሲበዛ ገበሬው አስተራረሱን እንደሚያሻሽል ጽፈዋል። በኬንያ የማቻኮስ አውራጃ የተደረገውና በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናትም ሕዝቡ በብዙ እጥፍ እየጨመረ እርከንና ዛፍ እንደ በዛ፣ የአፈር መሸርሸርም እንደ ቀነሰ ያሳያል። ነገር ግን ማቻኮስ ለናይሮቢ ገበያ ቅርብ ነው፤ ገበሬውም እርከን ለመሥራት የሚያስችል ገቢ ከከተማ ያገኝ ነበር። በደቡብ ወሎ ደጋ በበልግ ዝናብ ላይ የሚተማመንና ውርጭ የሚያጠቃው ገበሬ በአንድ የበልግ መክሸፍ በሬውን የሚሸጥ ከሆነ፣ መብዛቱ ብቻውን ወደ መሻሻል አያደርሰውም። ስለዚህ ማልተስን ጥሎ ቦዘሩፕን ማንሣት አንዱን ቀመር በሌላ ቀመር መተካት ብቻ ይሆናል።

ያለ ውሳኔ መውለድ የሚለው ግምት

አራተኛው ግምት በቅርብ ዓመታት አኀዝ ተፈትኖ ወድቋል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አንዲት እናት በአማካይ የምትወልዳቸውን ልጆች ቍጥር ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ጊዜ ሰጥቶ ነበር። በየጊዜው የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአማራ ክልል ይህ አማካይ በ1992 ዓ.ም. 5.9 ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 3.7 ወርዷል። በአገር ደረጃ በዚያው ዓመት 4.6 ነበር። ይህ ለውጥ ከቀድሞው ረሃብ በሚስተካከል ዕልቂት የመጣ አይደለም። የመጣው ሴት ልጅ በመማሯ፣ የጋብቻ ዕድሜ ከፍ በማለቱ፣ የጤና ኬላ ወደ ቀበሌ በመቅረቡ፣ ለልጅ የሚሰጥ መሬት በማነሱና ባልና ሚስት በመመካከራቸው ነው።

በገጠርም በከተማም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚል የቈየ አባባል አለ። የሕዝብ ብዛት ትምህርት ይህን አባባል ብዙ ጊዜ ነቅፏል። ይሁን እንጂ ጠማማው መስመር ሰው ላይ ሲጫን ከአባባሉ የሚለይ አይደለም። አባባሉ ለዕድል የተወውን መስመሩ ለተፈጥሮ ይተወዋል፤ በሁለቱም ውስጥ የሚመክርና የሚወስን ሰው የለም። ከላይ የተጠቀሱት አኀዞች ግን ሰው መክሮ እንደሚወስን ያስረዳሉ።

ታዲያ ወሰን የለምን?

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሰው ወሰን የለበትም ወደሚል ሌላ ስሕተት ሊያደርስ አይገባም። ወሰን አለ፤ በደሴና በኮምቦልቻም በዐይን ይታያል። ነገር ግን በአንድ ቍጥር የተጻፈ አይደለም።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በምዕራብ በጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል መካከል በጠባብ ሸለቆ ተቀምጣለች። ለጥ ያለው ስፍራ ሲሞላ ቤቱ ወደ ተዳፋቱ ይወጣል። በ2005 እ.ኤ.አ. በአንድ የምህንድስና ሥነ ምድር መጽሔት የወጣ ጥናት በደሴ አካባቢ የመሬት መንሸራተት የደረሰባቸውንና የሚያሰጋቸውን ስፍራዎች በካርታ አስቀምጧል። የደሴን እድገት ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ እንግዲህ የእህል መጠን ሳይሆን የተዳፋቱ ቀጥ ማለትና የአፈሩ ጠባይ ነው።

ከኩታበር በኩል የሚመነጨው የቦርከና ወንዝ በደሴ በኩል ያልፋል፤ በዶሮ መዝለያ ገደል አቋርጦ ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚርቀው መንገድ አጠገብ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ጨፋ ረግረግ ይገባል። የደሴ ፍሳሽ ወደ እርሱ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ሲደርስ የፋብሪካዎችን ፍሳሽ የሚቀበሉት የለዮሌና የወርቃ ጅረቶች ይቀላቀሉታል። ታች በጨፋ ደግሞ አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን ያጠጣበታል። ወንዝ በተፈጥሮው ቈሻሻን የማብላላትና ራሱን የማጥራት ችሎታ አለው፤ ይህ ችሎታ ግን ወሰን አለው። ወሰኑ የሚለካው በዳርቻው በሚኖረው ሰው ቍጥር ሳይሆን ወደ ውሃው በሚገባው ነገር ዓይነትና መጠን ነው። ፍሳሹን አጣርቶ የሚለቅ ብዙ ሕዝብ ወንዙን ሊያቈየው ይችላል፤ አንድ ሳያጣራ የሚለቅ ፋብሪካ ግን ብቻውን ሊገድለው ይችላል። ጕዳቱም የሚደርሰው ባደረሰው ላይ ሳይሆን በግርጌው ባለው ላይ ነው።

ለክፍል የሚበጀው

ከዚህ ግምገማ በመነሣት ትምህርቱን በሦስት ደረጃ ማቅረብ ይሻላል። በመጀመሪያ ጠማማው መስመር ለደቂቅ ሕያዋን፣ ለአንበጣና ለአጋዘን ከነሙሉ ክብሩ ይሰጥ። ተማሪው ቀመሩን ይወቅ፣ ስሌቱን ይሥራ። ሁለተኛ፣ መምህሩ ወደ ሰው ከመሻገሩ በፊት አራቱን ግምቶች በሰሌዳው ላይ ጽፎ እያንዳንዳቸው ለሰው ይሠሩ እንደሆነ ተማሪዎቹን ይጠይቅ። የወሎ ረሃብ በዚህ ስፍራ ይነሣ፤ የሚነሣው ግን የመስመሩ ማረጋገጫ ሆኖ ሳይሆን የመስመሩ መፈተኛ ሆኖ ነው። ሦስተኛ፣ ተማሪው በአካባቢው ያለውን ወሰን ወጥቶ ይይ።

ለሦስተኛው ደረጃ አንድ የትምህርት ቀን ይበቃል። ጠዋት ከጦሳ ግርጌ ተነሥቶ የቤቶቹን አወጣጥና የውሃ መውረጃውን መመልከት፣ ቀጥሎ ቦርከናን ከከተማው በላይና ከከተማው በታች ማስተያየት፣ ከሰዓት በኋላ በኮምቦልቻ ጅረቶቹ ከመቀላቀላቸው በፊትና በኋላ ያለውን መመዝገብ ይቻላል። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከድንጋይ ሥር የሚኖሩትን የውሃ ነፍሳት በወንፊት ሰብስቦ ዓይነታቸውን መቍጠር ብዙ ይናገራል፤ ንጹሕ ውሃ ብዙ ዓይነት ሲይዝ የተበከለ ውሃ ጥቂት ዓይነት ብቻ ይይዛልና። በተበከለው ክፍል ግን ተማሪዎች ወደ ውሃው እንዳይገቡ፣ ናሙናውንም መምህሩ ራሱ በጓንት እንዲያወጣ ያስፈልጋል።

ፈተናውም ከትምህርቱ ጋር መለወጥ አለበት። «የመሸከም ዐቅም ምንድን ነው? በሥዕል አሳይ» የሚለው ጥያቄ ሽምደዳን ይመዝናል። በእርሱ ምትክ «በ1973 እ.ኤ.አ. በደሴ ገበያ እህል እያለ ገበሬው ለምን ተራበ? ከአራቱ ግምቶች የትኞቹ ፈረሱ?» የሚል ጥያቄ ቢቀርብ፣ ተማሪው ሥነ ሕይወትን፣ ምጣኔ ሀብትንና የአገሩን ታሪክ አገናኝቶ ማሰብ ይገደዳል።

በዚህ አቀራረብ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። የክፍለ ጊዜው አጭር ነው፤ መምህሩም በሥነ ሕይወት እንጂ በታሪክ አልሠለጠነም የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት ያለው ነው። ጊዜ ከሌለ ግን የሚሻለው ትምህርቱን በእንስሳት ላይ አቁሞ ስለ ሰው ዝም ማለት ነው፤ በግማሽ ደቂቃ ስለ ወሎ የሚነገረው ዐረፍተ ነገር ካለመነገሩ የባሰ ይጐዳልና። የመምህሩ የሥልጠና ጕድለት ደግሞ መፍትሔ የሚያገኘው በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ውስጥ የሥነ ሕይወትና የኅብረተሰብ ሳይንስ ክፍሎች ይህን ምዕራፍ አብረው ሲያዘጋጁት ነው።

ማጠቃለያ

የመሸከም ዐቅም ፅንሰ ሐሳብ ለተዘጋ ስፍራና ለማይወስን ሕያው የተሠራ መልካም መሣሪያ ነው። በወሎ ሕዝብ ላይ ሲውል ግን እህል በመንገድ እንደሚጫን፣ ድርሻ በዐቅም እንደሚለያይ፣ መሬት በሰው እጅ እንደሚራቈትና እንደሚለማ፣ ባልና ሚስትም እንደሚመካከሩ ይረሳል። በዚህ ምክንያት ሁለት ጕዳት ያደርሳል። አንደኛው፣ በሰው ውሳኔና በሰው ቸልታ የሞቱትን በተፈጥሮ ሕግ የተቀነሱ ያስመስላል። ሁለተኛው፣ ተማሪው ወሰንን በሩቅ ባለ ቍጥር ውስጥ ሲፈልግ በደጁ ያለውን የጦሳን ተዳፋትና የቦርከናን ውሃ እንዳያይ ያደርጋል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የምዕራፉን ቅደም ተከተል ሊያስተካክሉ፣ መምህራንም መጽሐፉ እስኪስተካከል ሳይጠብቁ አራቱን ግምቶች በሰሌዳቸው ላይ ሊጽፉ ይገባል። አያቷ ከ1977ቱ መጠለያ የተረፉላት ተማሪ በክፍሏ የምትሰማው ትምህርት ቢያንስ አያቷ ከሚያውቁት እውነት ያነሰ እንዳይሆን ያስፈልጋል።